ሦስቱ ፊውዞችና የሦስት ሰዓት ተኩሉ አውቶቡስ

ባለቤቴ ይህን ታሪክ ታውቀዋለች። አብረን በኖርንባቸው ዓመታት ሁለት ጊዜ ነግሬያታለሁ። በሁለተኛው ጊዜ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጠችኝና «ለእኔ መንገሩን ተውና ጻፈው፤ ይውጣልህ» አለችኝ። እነሆ፣ ጻፍኩት። ይውጣልኝ አይውጣልኝ እናንተ አንብባችሁ ስታበቁ ፍረዱ።

ጊዜው በደርግ ዘመን፣ ሰባዎቹ ሊያልቁ አካባቢ ነው። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግኩ፣ የምህንድስና ትምህርቴን ለመጨረስ አንድ ዓመት የቀረኝ፣ ለተግባር ልምምድ አምቦ ወዳለው የመብራት መሥሪያ ቤት ቅርንጫፍ የተላክሁ ተለማማጅ። ሠራተኞቹ «ኢንጂነር» ይሉኝ ነበር። አክብረውኝ እንዳይመስላችሁ። በመጣሁ በሳምንቱ ምሰሶ ውጣ ተባልኩና እስከ ግማሽ ወጣሁ፤ ከዚያ መውጣትም መውረድም አቅቶኝ ምሰሶውን አቅፌ ቀረሁ። በገመድ አስረው ካወረዱኝ በኋላ ነው ማዕረጉ የተሰጠኝ።

ያወረዱኝ ኦቦ ቶሎሳ ነበሩ። የመስመር ሠራተኞች አለቃ ናቸው። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ የሚጨርሱ ሰው። ትምህርታቸው አራተኛ ክፍል ነው፤ ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ያልነገረኝን እሳቸው በአንድ ከሰዓት በኋላ ነገሩኝ።

«ስማ ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «መስመር ልንጠግን ስንወጣ ከትራንስፎርመሩ ሥር ካለው ሳጥን ሦስቱን ፊውዞች የሚነቅል አንድ ሰው አለ። ያ ሰው ፊውዞቹን ኪሱ ይከታል። ከሳጥኑ ሥርም አይነቃነቅም። እኔ ከምሰሶ ወርጄ፣ መጥቼ፣ እጄን ዘርግቼ ‹አምጣ› እስክለው ድረስ አይመልስም። ሰው ቢላክበት፣ ወረቀት ቢመጣበት፣ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ቢመጣ፣ እጄን ካላየ የለም።»

«ፊውዙ ኪሴ ውስጥ ካለ መብራቱ አይመጣም፤ ታዲያ ለምን እዚያው ተገትሬ እቆማለሁ?» አልኳቸው። በትምህርት ቤት አፍ የተጠየቀ ጥያቄ ነው።

ሳቁብኝ። «በዚህ ከተማ የመዳብ ሽቦ የሌለው ሰው አለ? በፊውዙ ቦታ ሽቦ አስሮ መብራት የሚያመጣ በየሰፈሩ ሞልቷል። እኔ እላይ ነኝ፤ እሱ እታች ሽቦ ያስራል። ከዚያ እኔን አውርዳችሁ ትቀብራላችሁ።» ሕጉን ከዚያ በኋላ ደግመው አልነገሩኝም።

ዓይናለም የቅርንጫፉ ታይፒስት ነበረች። የልምምድ ሪፖርቴን የምትጽፍልኝ እሷ ናት። ስትጽፍ አማርኛዬን ታርማለች፤ ስታርም ደግሞ ትስቃለች። «ይኼ አረፍተ ነገር ሲጀመር ሰው ነበር፤ ሲጨርስ ትራንስፎርመር ሆነ» ትለኛለች። ከሥራ ስንወጣ አብረን እስከ ሁሉቃ ድልድይ እንሄዳለን፤ እዚያ ቆመን ወንዙን እናያለን፤ ከዚያ እሷ ወደ ቤቷ፣ እኔ ወደ ኪራይ ክፍሌ። ስምንት ወር እንዲህ ሄድን። እወዳት ነበር። እንደምወዳት ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ለእሷ ግን አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ፤ እኔ በዚያ ወርቅ የገዛሁት ነገር የለም።

አንድ ሐሙስ ድልድዩ ላይ እንደቆምን «ወንድሜ ሐረር ሰው አይቶልኛል» አለችኝ። አባቷ በልጅነቷ ስለሞተ ያሳደጋት ይህ ወንድሟ ነው። «ሥራዬንም ወደዚያ አዛውሮልኛል። ቅዳሜ እሄዳለሁ።»

እኔ ወንዙን ማየት ቀጠልኩ።

«አውቶቡሱ ሦስት ሰዓት ተኩል ይነሳል» አለች፤ ድምፅዋ አልተለወጠም። «ከዚያ በፊት መጥተህ የምትለኝ ነገር ካለ ወንድሜን ‹ሰው አለኝ› እለዋለሁ። ወንድሜ ክፉ አይደለም፤ ሰው አለኝ ካልኩት ይሰማኛል። ካልመጣህ ግን የለም ማለት ነው። አልቀየምህም።»

«አሁን ልንገርሽ...»

«አሁን አትንገረኝ። ደንግጠህ የምትናገረውን አልፈልግም። ሁለት ቀን አስብበት።»

ሁለት ቀን ማሰብ አላስፈለገኝም፤ ሁለት ቀን እንቅልፍ ማጣት ብቻ ነው ያተረፍኩት። የምለውን በወረቀት ጻፍኩ፣ ቀደድኩ፣ እንደገና ጻፍኩ። በመጨረሻ «ሰው አለሽ» የምትል ሁለት ቃል ብቻ ቀረች። ይህችን ሁለት ቃል ይዤ ቅዳሜን ጠበቅኩ።

ዓርብ ማታ ነፋስና በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጣለ። ቅዳሜ ገና በማለዳ የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ በሬን አንኳኳ፤ በከተማው መውጫ፣ ከወፍጮ ቤቱ ወዲያ ያለው መስመር ተበጥሷል፤ ከኮረብታው ጀርባ ያለው ጤና ጣቢያም ጨለማ ሆኗል። ኦቦ ቶሎሳ መኪና ውስጥ ሆነው ይጠብቁኛል። መንገድ ላይ ነገሩን አልደበቅኋቸውም፤ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ኤዬ!» አሉና ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ። «እኔኮ ይኼ ልጅ መቼ ይናገር ይሆን እያልኩ ነበር። አይዞህ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እንጨርሳለን። ታጥበህም ትደርሳለህ።»

ሳጥኑ የሚገኘው ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው ዋና መንገድ ዳር፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ነበር። አንድ ሰዓት ላይ ሦስቱን ፊውዞች ነቅዬ ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩ። ኦቦ ቶሎሳ ሁለት የቀን ሠራተኞች አስከትለው፣ ገመዱንና የምሰሶ መውጫ ብረታቸውን ተሸክመው በባሕር ዛፉ መካከል ወደ ኮረብታው ወጡ። ከኮረብታው ጀርባ ሲገቡ ከዓይኔ ተሰወሩ። እኔ ሳጥኑን ተደግፌ ቆምኩ።

ቅዳሜ የአምቦ ገበያ ነው። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ሴቶች እህላቸውን አስቀምጠው ከንጋት ጀምሮ ተሰልፈዋል። ወፍጮውን የሚያስነሳው በቀለ የሚባል ጎረምሳ በየደቂቃው እየወጣ ያየኛል። ሁለት ሰዓት ሆነ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ። ከኮረብታው በኩል የሚመጣ የለም። ያን ዕለት ጠዋት ሰዓቴን ያየሁትን ያህል በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።

በቀለ በመጨረሻ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። በእጁ የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ ይዟል።

«ኢንጂነር፣ እነዚህ ሰዎች ከገጠር ነው የመጡት። አንድ ሰዓት ብቻ ልፍጭላቸው።»

«መስመር ላይ ሰው አለ።»

«መስመሩ እዚያ ማዶ ነው፤ ወፍጮው እዚህ ነው።»

«ሁሉም ከአንድ ሳጥን ነው የሚወጣው፤ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ» አለ፤ ግን ሽቦውን ኪሱ አልከተተም። እኔም ጀርባዬን ከሳጥኑ በር ጋር አጣብቄ እግሬን ተከልኩ። ኦቦ ቶሎሳ ሕጉን የነገሩኝ ለዚህ ነው አልኩ በልቤ። ደግሞ ወዲያው፣ ምነው ቶሎ ቢመጡ፣ ምነው ቢመጡ እላለሁ።

ልክ ሦስት ሰዓት ላይ ከኮረብታው በኩል አንዲት ባልቴት ቅል ተሸክመው ብቅ አሉ። አዴ ጫልቱ ይባላሉ፤ ቅቤ ሊሸጡ ገበያ የሚወርዱ የዚያ ሰፈር ሴት ናቸው። በቀጥታ ወደ እኔ መጡ።

«የኦቦ ቶሎሳ ልጅ አንተ ነህ?»

«አዎ፣ እናቴ።»

«‹ጨርሻለሁ፤ ፊውዙን መልስና ወደ ልጅቷ ሩጥ› ብለውሃል።»

ልቤ ዘለለ። ዛሬ ወደ ልጅቷ መሮጥ እንዳለብኝ የሚያውቁት ኦቦ ቶሎሳ ብቻ ናቸው። መልእክቱ የእሳቸው ለመሆኑ ጥርጥር የለውም።

«ከምሰሶው ወርደው ነበር?» አልኳቸው።

«ኤዬ፣ መሬት ቆመው ነው ያናገሩኝ። ውሃም ጠጡ።»

በቀለ ከኋላዬ «ሰማህ አይደል? ምን ትጠብቃለህ?» አለ። የተሰለፉት ሴቶችም ማጉረምረም ጀመሩ። ከሳጥኑ እስከ አውቶቡስ መናኸሪያው በሩጫ ሩብ ሰዓት ነው። ሳጥኑን ከፈትኩ። የመጀመሪያውን ፊውዝ ከኪሴ አውጥቼ ወደ ቦታው አስጠጋሁት። ውስጤ የሚለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሂድ፣ ሂድ፣ ትቀርብሃለች።

ጀግና ስለሆንኩ አይደለም የተውኩት። ሕግ አክባሪ ስለሆንኩም አይደለም። እጃቸውን አላየሁም፤ በቃ ይኸው ነው። እጄ ፊውዙን ይዞ አየር ላይ ቀረ። አንዲት ጣት የሚያህል ነበር የቀረኝ።

ሳጥኑን ዘጋሁ። ከሰልፉ አህያ ይዘው ከቆሙ ሽማግሌ ዘንድ ሄጄ እንዳልለምን ከሳጥኑ መራቅ ሆነብኝ፤ ስለዚህ ከቆምኩበት ጮክ ብዬ «አባቴ፣ በሞቴ፣ ከኮረብታው ጀርባ ወጥተው ኦቦ ቶሎሳን ‹ራስዎ ይምጡ አለ› ይበሉልኝ» አልኳቸው። ሽማግሌው አህያቸውን ለበቀለ አስይዘው ሄዱ። ለእርጅናቸው ፈጣን ነበሩ። ግን ኮረብታ ነው። ሄዶ መመለስ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ እየላክኋቸውም ያንን አውቀው ነበር።

ሦስት ሰዓት ከሩብ። ሦስት ሰዓት ተኩል። በዚያች ደቂቃ መናኸሪያው ውስጥ ሻንጣዋን አጠገቧ አድርጋ ወደ በሩ ስታይ ታየችኝ። ወንድ ልጅ አያለቅስም የሚሉ ሰዎች ሳጥን ተደግፈው ቆመው አያውቁም።

አውቶቡሱ ሦስት ሰዓት ከአርባ አምስት አካባቢ መጣ። ከከተማው ሲወጣ በፊቴ ማለፉ ግድ ነው። ጭነቱ ከላይ ተቆልሎ፣ ቀስ እያለ አቀበቱን ጀመረ። ዓይናለም በሦስተኛው መስኮት በኩል ተቀምጣለች። አየችኝ። ዓይን ለዓይን ተያየን። እኔ የማደርገው ቢጠፋኝ ፊውዙን በእጄ ይዤ ወደ ላይ አነሳሁት። ሁለቷን ቃል እንኳ መጮህ አልቻልኩም። እሷ ለአፍታ አየችኝና ፊቷን ወደ ውስጥ አዞረች። አውቶቡሱ አለፈ።

ኦቦ ቶሎሳ የመጡት አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ሽማግሌው ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ። ፊታቸው አመድ መስሏል። አጠገቤ ሲደርሱ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ እኒያ ሰው ሥራ ላይ ሲቀመጡ አይቼ አላውቅም።

«ጨርሼ ነበር» አሉ። «እውነቴን ነው። ሴትዮዋን የላክሁት ለአንተ ብዬ ነው፤ እንዳይረፍድብህ። የራሴን ሕግ የራሴው አፍ ሻረው። ሴትዮዋ ከሄዱ በኋላ ዕቃዬን ስሰበስብ ቀና ብል፣ በሚቀጥለው ምሰሶ ላይ ሽቦውን የሚይዘው የሸክላ ስኒ ለሁለት ተሰንጥቋል። ወጣሁ። መልእክት መላኬን ረሳሁት።»

ወደ ሽማግሌው ዞር አሉ።

«እላይ ሆኜ ሽቦውን በሁለት እጄ እንደያዝኩ ትዝ አለኝ። ልለቀው ፈራሁ፣ ልይዘውም ፈራሁ። ስድስት ልጆች አሉኝ፤ የስድስቱንም ስም ጠራሁ። ይኼ ሽማግሌ ከታች ሆኖ ‹ልጁ ራስዎ ይምጡ ይላል› ሲለኝ ነው የተነፈስኩት።»

ከዚያ ተነስተው እጃቸውን ዘረጉ። «አምጣ» አሉኝ። ሦስቱንም ፊውዞች አስረከብኳቸው፤ ወደ ቦታቸው መለሷቸው፤ ወፍጮው ማጓራት ጀመረ፤ ሴቶቹም እልል አሉ። ለወፍጮው ነው እልልታው።

«አውቶቡሱስ?» አሉኝ።

«አለፈ። አየችኝና ፊቷን አዞረች።»

«ሂዳ! ተከተላት እንጂ። በዚህ መንገድ ቅዳሜ መኪና አይጠፋም። እኔ ለሥራ አስኪያጁ እነግረዋለሁ።»

«ይተዉት ኦቦ ቶሎሳ። ካልመጣህ የለም ማለት ነው ብላኛለች። አልሄድኩም፤ አለቀ።»

ክንዴን ይዘው ሊገፉኝ ሞከሩ። አስለቀቅኋቸው። ወደ ክፍሌ ገብቼ ከነጫማዬ ተኛሁ። ከነጫማዬ እስከ ማግሥቱ።

ደብዳቤ ትጽፍልኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ከጻፈች እመልሳለሁ፣ ካልጻፈች ተቀይማለች ብዬ ለራሴ ፈረድኩ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር። የወንድሟ አድራሻ መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ውስጥ አለ፤ ከወንበሬ አሥር እርምጃ አይርቅም። አልነሳሁም።

በአራተኛው ወር ለሥራ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ወዳለችው ጊንጪ ወረድን፤ ኦቦ ቶሎሳ፣ እኔና ሾፌሩ። ምሳ ሰዓት ላይ አውቶቡሶች የሚቆሙበት አካባቢ ካለች አንዲት ሻይ ቤት ገባን። ባለቤቷ እትዬ አስካለ የሚባሉ ወፍራም፣ ወሬ የሚወዱ ሴት ናቸው። የሥራ ልብሳችንንና የመውጫ ብረቱን አዩና «ከአምቦ ናችሁ? የመብራት ሠራተኞች?» አሉ።

«ነን» አሉ ኦቦ ቶሎሳ።

«እንግዲያው የዚያችን ልጅ ሰው ታውቁት ይሆናል። ከክረምቱ በፊት አንዲት ቀይ ልጅ ከአውቶቡስ ወረደች፤ ሻንጣዋን አስወረደች። አውቶቡሱ ጥሏት ሄደ። እዚህ፣ እዚህ በሩ ጋ ተቀመጠች። ‹ከአምቦ የሚመጣ ሰው አለኝ፣ የመብራት ሠራተኛ ነው፤ ሥራ ይዞት ነው፣ ሲጨርስ ይደርስብኛል› አለችኝ።»

ኦቦ ቶሎሳ የያዙትን ጉርሻ መልሰው ትሪው ላይ አኖሩት።

«ሁለት ሻይ አዘዘች» አሉ እትዬ አስካለ። «አንዱን ከፊቷ፣ አንዱን ባዶው ወንበር ፊት። ሲቀዘቅዝ ‹ይቀየርልኝ› ትላለች። ሦስት ጊዜ ቀየርኩላት። ከአምቦ በኩል መኪና በቆመ ቁጥር ትነሳለች፤ ሰው ሁሉ ወርዶ ሲያልቅ ትቀመጣለች። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከነቀምት መጥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚያልፈው አውቶቡስ የመጨረሻው ነበር፤ በሱ ሄደች። ሰውየው ምን ነካው? ታሞ ነበር?»

ወጥቼ መኪናው ጎማ ላይ ተደግፌ አለቀስኩ። ኦቦ ቶሎሳ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ያን ቀን ክንዴን አስለቅቄ ስሄድ ያሉኝን ቢደግሙት መብታቸው ነበር። አልደገሙትም።

በዚያው ምሽት ጻፍኩላት። መልሱ ከአንድ ወር በኋላ መጣ፤ በታይፕ የተጻፈ፣ አንድም ስህተት የሌለበት። ጋብቻው መስከረም ላይ ተፈጽሟል። ከዚያ እንዲህ ይላል፦ «እዚያ ሳጥን ሥር ለምን እንደቆምክ ወዲያው ነው የገባኝ። ፊውዙን ሳታሳየኝም ይገባኝ ነበር፤ ስምንት ወር የናንተን ሪፖርት ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ፊቴን ያዞርኩት ረዳቱን ‹ጊንጪ አውርደኝ› ልለው ነው። ያልገባኝ፣ ከሥራህ በኋላ የት እንደነበርክ ነው።»

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ብዙ ሰዎች ይህን ታሪክ ስነግራቸው ያዝናሉ፤ ያለ ቦታው ነው የሚያዝኑት። «ምናለ ያን ጊዜ ፊውዙን መልሰህ ብትሮጥ» ይሉኛል። በዚያ አልጸጸትም። ኦቦ ቶሎሳ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረዋል፤ የስድስቱንም ልጆቻቸው ሠርግ በልቻለሁ። በእሷና በሰው ነፍስ መካከል ስቆም የቆምኩበትን አውቃለሁ፤ እሷም አውቃልኛለች። በኋላ መሐንዲስ ሆኜ በሥሬ ላለፉ ተለማማጆች ሁሉ ያንኑ የኦቦ ቶሎሳን ሕግ አስተምሬያለሁ፤ አንድም ሰው አልሞተብኝም።

የሚያቃጥለኝ ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት ነው። ከአራት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት። ሰባት ሰዓት ያህል ነፃ ሰው ነበርኩ። የያዘኝ ሥራ የለም፣ የያዘኝ ሕግ የለም፤ አለቃዬ ሂድ ብሎ ገፍቶኛል፤ መንገዱ ላይ መኪናው ይመላለሳል። እኔ ከነጫማዬ ተኝቼ፣ ተቀይማኛለች ብዬ ጣሪያ አያለሁ። አንዲት ልጅ ሠላሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጣ፣ ለእኔ ሻይ ታስቀይራለች።

ከዚያ ወዲህ የሚጠበቅብኝን ቃል አላሳድርም። ለባለቤቴም የጋብቻ ጥያቄዬን ያቀረብኩላት በተዋወቅን በሦስተኛው ሳምንት ነው፤ እስካሁን ትስቅብኛለች። ጥሩ ኑሮ ኖረናል። ዓይናለምንም ከዚያ በኋላ አላየኋትም፤ ለማየትም አልሞከርኩም፤ ለእሷም ለቤቴም አይገባም። ናፍቆት ግን ተገቢ ነው አይደለም ብሎ የሚጠይቅ ነገር አይደለም።

በሥራ ዘመኔ ያንን መንገድ ስንት መቶ ጊዜ እንደተመላለስኩበት አልቆጥረውም። ሾፌሮቹ ጊንጪ ላይ ያቆማሉ፤ «ወርደን ሻይ እንበል፣ ኢንጂነር» ይሉኛል። እናንተ ጠጡ እላቸዋለሁ። ከዚያች ሻይ ቤት ወዲህ ጊንጪ ላይ ከመኪና ወርጄ አላውቅም።